የቅድመ ምርጫ ጥናቶችን ስናነጻጽር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንዱ ጥናት «ያንግኪን በ8 ነጥብ ይመራል» አለ፣ ሌላው «ማክኦሊፍ በ1 ነጥብ»። ሪፐብሊካኑ ያንግኪንና ዴሞክራቱ ማክኦሊፍ የተፎካከሩበት እ.ኤ.አ. የ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ብዙ ወገኖቻችን በእነዚህ ቁጥሮች ግራ ተጋብተው ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ በባይደን አስተዳደር ያዘኑ የሰሜን ቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን ተደራጅተው ለሪፐብሊካኑ ለያንግኪን የቀሰቀሱበት ምርጫ ስለሆነ፣ ነገሩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ያኔ ይባሉ የነበሩት ስህተቶች ዛሬም በየምርጫው ይደጋገማሉ።

«ሁለቱ ከተለያዩ አንዱ ዋሽቷል»

አልዋሸም። የ8 ነጥቡ የፎክስ ኒውስ ነው፣ 53 ለ45። ሌላው የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሻር ትምህርት ቤት ነው፣ 49 ለ48። የወጡት በአንድ ቀን ልዩነት ነው። ብዙ ሰው ያላየው ግን እዚያው የፎክስ ጥናት ውስጥ የነበረ ሌላ ቁጥር አለ፤ የተመዘገቡ መራጮች በሙሉ ሲቆጠሩ የያንግኪን ብልጫ 1 ነጥብ ብቻ ነበር፣ 48 ለ47። ወደ 8 የሰፋው «ወጥተው ሳይመርጡ አይቀሩም» የተባሉት ተለይተው ሲቆጠሩ ነው። ያው ጥናት፣ ያው ሳምንት፣ ያው ጥያቄ! የተለወጠው መራጭ ተብሎ የተቆጠረው ሰው ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ አጥኚው ነው፤ አንዱ ከዚህ በፊት መምረጥ አለመምረጥህን ያያል፣ ሌላው ለምርጫው ያለህን ጉጉት ይጠይቃል። ስለዚህ ከቁጥሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እባካችሁ አንብቡ። የአንዱን «የተመዘገቡ» ከሌላው «ይመርጣሉ የተባሉ» ጋር ማስተያየት ጤፍን አንዴ በኪሎ አንዴ በቁና ሰፍሮ ዋጋ እንደማወዳደር ነው።

ያንግኪን በመጨረሻ ያሸነፈው በ2 ነጥብ ገደማ ነው፣ 50.6 ለ48.6።

«የስህተት ህዳጉ 3 ከሆነ በ4 የሚመራው አሸንፏል»

የስህተት ህዳግ ማለት የተጠየቀው ሁሉም ሰው ስላልሆነ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን ነው። የሚሠራውም ለእያንዳንዱ ዕጩ ለየብቻ ነው። 48 የተባለው 45ም 51ም ሊሆን ይችላል፤ 44 የተባለውም 41 ወይም 47። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ስለሚል፣ በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ህዳጉ ወደ 6 ይጠጋል። በ4 መምራት ጥሩ ምልክት ነው፣ ድል ግን አይደለም።

«ስመ ጥር ተቋም አይሳሳትም»

በዚያው ቀን ኒው ጀርሲም አገረ ገዥ መርጣ ነበር። የተከበረው የሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ዴሞክራቱ ዕጩ ፊል መርፊ በ11 ነጥብ እንደሚመሩ አሳይቶ ነበር፤ ያሸነፉት ግን በ3 ነጥብ ገደማ ነው። የጥናቱ ኃላፊ ፓትሪክ መሬይ ስህተቱን አምነው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው የበለጠ ሊታመን ይገባዋል ባይ ነኝ።

«1,000 ሰው ተጠይቆ የሚሊዮኖች ሐሳብ አይታወቅም»

ይታወቃል፣ አመራረጡ ትክክል ከሆነ። ጤፍ ገዢ ጆንያውን ሙሉ አይዘረግፍም፤ ከአፉም ከሆዱም ዘግኖ ያያል። ችግር የሚመጣው ከአፉ ብቻ ሲዘገን ነው። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ቀን የሚተኛው ወንድማችን የማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት ስልኩን ይዘጋል። አማርኛ ብቻ የሚናገሩት እናታችን ቢያነሱም ጥያቄው አይገባቸውም። ከ1,000 ተጠያቂ መካከል የእኛ ሰው ቢገኝ እንኳ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ «ኢትዮጵያውያን እገሌን መረጡ» ማለት አይቻልም።