«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡ እና የድራፍት ክርክራችን

ይሄን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ልጆች ሆነን በዜማ ብለነዋል፣ ካደግን በኋላ ደግሞ አንዱ በሆነ ነገር ጓጉቶ ሲንደረደር «በሬ ሆይ…» ብለን እናቆምና የቀረውን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። አጭሩ ትርጉም የታወቀ ነው፣ የሚያጓጓውን ብቻ አይቶ አጠገቡ ያለውን አደጋ ላላየ ሰው የሚባል ነው፣ ለትዳር ይባላል፣ ለንግድ ይባላል፣ ደላላ የነገራትን ብቻ ሰምታ አረብ አገር ለመሄድ ለተነሳች ልጅም ይባላል። እኔ ግን ሙሉ ትርጉሙ የገባኝ እዚህ ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ድራፍት (ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ስከራከር ነው።

እ.ኤ.አ. 2021 ሚያዝያ ላይ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ያጎቴ ልጅ ከኮሎምበስ ኦሃዮ መጥቶ እኛ ጋ አርፏል፣ እሱ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ ደጋፊ ነው፣ እኔ የዋሽንግተን። ቤንጋልስ 5ኛ ፒክ፣ ማለት አምስተኛውን የመምረጥ ተራ፣ ይዘዋል። ጆ ቡሮው የሚባል በጣም ጎበዝ ኳርተርባክ፣ ማለት ኳሱን የሚወረውርና ጨዋታውን የሚመራ ሰው፣ አላቸው፣ ግን ልጁ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ኅዳር 2020፣ እዚሁ እኛ ሰፈር ላንዶቨር ስታዲየም ከዋሽንግተን ጋ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ወጥቷል። እንግዲህ ያን ሰሞን ፉትቦል የሚያይ ሰው ሁሉ የተጨቃጨቀበት ጥያቄ ይሄ ነበር፣ ጃማር ቼዝን ይውሰዱ ወይስ ፔኔ ሱዌልን? ቼዝ ሪሲቨር ነው፣ ሮጦ ኳስ የሚቀበል፣ ከቡሮው ጋ ኤልኤስዩ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተጫውተው ሻምፒዮን የሆኑ። ሱዌል ታክል ነው፣ ኳርተርባኩ ፊት ከሚሰለፉት አምስት ግዙፍ ሰዎች ዳር ላይ የሚቆመው፣ ሥራው ሰው ማስቆም ብቻ ነው፣ ስሙም የሚጠራው አንድ ሰው ሲያመልጠው ነው። ያጎቴ ልጅ ቼዝ ቼዝ ይላል እኔ ሱዌል ሱዌል እላለሁ፣ በመሃል ተናደድኩና «አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!» አልኩት።

አባባ ጥግ ላይ ቡናቸውን እየጠጡ ነበር። ጨዋታውን አይከታተሉም፣ ተረት ሲጠራ ግን ጆሯቸው ይቆማል። «ቆይ እስቲ» አሉኝ፣ «ተረት እንዲሁ አይወረወርም። ሳሩ የቱ ነው፣ ገደሉስ የቱ ነው?»

እሳቸው ልጅ ሆነው ከብት የጠበቁት ሰሜን ሸዋ፣ ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ያን አገር ያየ ሰው ያውቀዋል፣ መሬቱ ደልዳላ ሆኖ ይሄድ ይሄድና በቃ ድንገት ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ታች ወንዙ ድረስ ገደል ነው። ሜዳው ወይ ይታረሳል ወይ በከብት ተግጦ ያልቃል፣ በጋው ሲገፋ ደግሞ አቧራ ብቻ ይሆናል። አፋፉ ላይ ግን ማንም እረኛ ከብቱን ስለማያስጠጋ ሳሩ ሳይነካ ረዝሞ ለምልሞ ይቆያል። አባባ ያን ማታ የነገሩኝና እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው ነገር ይሄ ነው፣ ሳሩ ያማረው ገደሉ ስላለ ነው። ገደል ባይኖር ኖሮ ድሮ ተግጦ አልቆ ነበር። ሳሩና ገደሉ በአጋጣሚ የተገናኙ ሁለት ነገሮች አይደሉም፣ አንዱ የሌላው ልጅ ነው።

በሬው ደግሞ ተራ ከብት አይደለም። ገበሬ የሚያርሰው በጥማድ ነው፣ በሁለት በሬ፣ አንዱ ገደል ከገባበት የቀረው ብቻውን ቀንበር አይጎትትም፣ ስለዚህ እንደሱ አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎረቤት ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፣ ማለት በሬያቸውን አጣምረው በተራ ያርሳሉ፣ ተራው እስኪደርስ ዝናቡ ሊያልፈው ይችላል። እና አንድ አፍ ሳር የአንድ ዓመት እህል ያስከፍላል። የሚገረፈው ደግሞ በሬው ሳይሆን እረኛው ነው አሉኝ፣ ይሄንን ሲሉ ሳቅ ብለው እጃቸውን ታፋቸው ላይ አሸት አሸት አደረጉ፣ የደረሰባቸው ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ተረቱን «አትጓጓ» ለማለት ይጠቀምበታል፣ እኔም ለያጎቴ ልጅ ያልኩት እንደዛ ነበር፣ ግን ቃሉን ብታዩት እንደዛ አይልም። በሬውን ሳር ለምን በላህ ብሎ አልወቀሰውም፣ በሬ ሳር ካልበላ ምን ይብላ? ወቀሳው ያለው «ሳታይ» የምትለዋ ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው «ሳሩን አየህና» ይላል አንዳንዱ «አይተህ»፣ በሁለቱም አንድ ማየት አለ፣ የጎደለው ሁለተኛው ማየት ነው።

አሁን ወደ ድራፍቱ። ሊጉ ውስጥ 32 ቡድን አለ፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ልጆች በሰባት ራውንድ (ዙር) ይመርጣሉ፣ ተራው ደግሞ ካለፈው ዓመት መጥፎ ውጤት ካመጣው ጀምሮ ነው። እስቲ አስቡት፣ ለምለሙ ሳር የሚሰጠው አፋፉ ላይ ለቆመው ቡድን ነው ማለት እኮ ነው! ቤንጋልስ 5ኛ ፒክ ያገኙት 2020ን 4 አሸንፈው 11 ተሸንፈው አንድ አቻ ወጥተው ስለጨረሱ ነው፣ ያን ያህል የተሸነፉት ደግሞ ኳርተርባካቸው ፊት የሚቆም ሰው ስላልነበራቸው ጭምር ነው። ፒኩ ራሱ የገደሉ ልጅ ነው። ስለዚህ የትኛው ፖዚሽን ይቅደም ብሎ ከመጠየቅ በፊት እዚህ ፒክ ላይ ምን አደረሰን የሚለው መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ።

ቤንጋልስ ቼዝን ወሰዱ፣ ሱዌል 7ኛ ላይ ዲትሮይት ገባ። ቼዝ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ፣ ቡድኑም ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ ዋንጫ ጨዋታ፣ ደረሰ፣ ያጎቴ ልጅ በየሳምንቱ እየደወለ «ገደሉ የታለ?» ይለኝ ነበር። ገደሉ ግን ነበረ። ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ላይ ከቴኔሲ ጋ ቡሮው ዘጠኝ ጊዜ ሳክ ተደረገ፣ ማለት ኳሱን ሳይወረውር መሬት ላይ ተጣለ፣ እንደምንም 19 ለ 16 አሸነፉ። የካቲት 2022 ሱፐር ቦውሉ ላይ ደግሞ ሰባት ጊዜ ጣሉት። የመጨረሻዋ ኳስ ላይ፣ አራተኛ ሙከራ፣ ኳሱን ይዘው ለመቀጠል አንድ ያርድ ሲቀራቸው፣ የተጋጣሚያቸው የራምስ ተከላካይ አሮን ዶናልድ ሰብሮ ገብቶ ቡሮውን ይዞ አሽከረከረው፣ ኳሷ ማንም ጋ ሳትደርስ ወደቀች፣ 23 ለ 20 ተሸነፉ። በዛች ሰከንድ ቼዝ የሚጠብቀውን ተከላካይ ጃለን ራምሲን ጥሎት ብቻውን ወደፊት እየሮጠ ነበር። ሳሩ እዛው ፊት ለፊት ለምልሞ ቆሟል፣ ቡሮው ግን ለመወርወር ጊዜ አላገኘም። ያጎቴ ልጅ ያን ማታ አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩለትም።

ቼዝን መውሰዳቸው ስህተት ነበር ለማለት አይደለም። ልጁ 2024 ላይ በተቀበለው ኳስ ብዛት፣ በያርድና በተችዳውን (ኳሱን መጨረሻ መስመር በማሳለፍ) ሊጉን በሙሉ መርቷል፣ እንዲህ ያለ ሰው አይታለፍም። ስህተቱ እሱን ከወሰዱ በኋላ አፋፉን ሳያጥሩ መቅረታቸው ነው።

የኛ ቡድን ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። 2012 ላይ ዋሽንግተን ከ6ኛ ወደ 2ኛ ፒክ ከፍ ለማለት ለራምስ ሦስት የፈርስት ራውንድ እና አንድ የሰከንድ ራውንድ ፒክ ሰጠ፣ ሮበርት ግሪፊን የሚባለውን ኳርተርባክ ለማግኘት። ግሪፊን በመጀመሪያው ዓመት ከተማውን አሳበደው፣ ጥር 2013 ላይ ግን ቀድሞ የተጎዳ ጉልበቱን ይዞ ከሲያትል ጋ ሲጫወት ጉልበቱ ከዳው፣ ቀጣዩን ሲዝን 3 አሸንፈን 13 ተሸነፍን። ያኔ ቀዳዳውን እንድፈን ብንል ፈርስት ራውንድ ፒክ የለንም፣ በሬያችን ሰው ጋ ነው፣ መቀናጆ እንኳን የሚገባልን የለም። 2014 ላይ ራምስ እኛ ሜዳ መጥተው ጨዋታው ሲጀመር ለሚጣለው ሳንቲም ከዛ ስምምነት ያገኟቸውን ስድስት ተጫዋቾች አሰልፈው ላኩ፣ ከዛም 24 ለ 0 አሸነፉን። ያን ቀን ያየ የዋሽንግተን ደጋፊ የሚረሳው አይመስለኝም።

ሴኳን ባርክሌይንም ተመልከቱ። ጃይንትስ 2018 በ2ኛ ፒክ ወሰዱት፣ ራኒንግ ባክ ነው፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ፣ ኳርተርባካቸው 37 ዓመቱ ነበር፣ ፊት ያለው መስመርም ደካማ። ባርክሌይ በግሉ ድንቅ ነበር ቡድኑ ግን 5 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ጨረሰ። 2024 ላይ ያው ሰው ፊላዴልፊያ ሄዶ ከነታክሉ ሌን ጆንሰን ኋላ ሲሮጥ 2,005 ያርድ ሮጦ ሱፐር ቦውል በላ። ከፊቱ ከነበሩት አንዱ ጆርዳን ማይላታ ነው፣ አውስትራሊያዊ የራግቢ ተጫዋች፣ ፊላዴልፊያ በሰባተኛው ራውንድ 233ኛ ላይ ሲወስደው አንድም ቀን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የጀማሪ ደሞዝ የሚወሰነው በፒኩ ቁጥር ነው፣ በፖዚሽኑ አይደለም፣ ስለዚህ 2ኛ ፒክ ላይ ገበያው ውድ የሆነውን ኳርተርባክ ወይ ታክል ስትወስድ ብዙ ብር ታድናለህ፣ ራኒንግ ባክ ስትወስድ ያን ያህል አታድንም።

ታክል ታክል እያልኩ ግን እኔም ሌላ ሳር እያሳደድኩ እንዳይሆን እፈራለሁ። ራምስ ከኛ ባገኙት ፒክ 2014 ላይ በ2ኛነት የወሰዱት ግሬግ ሮቢንሰን ታክል ነበር፣ እና አልሆነላቸውም። ገደሉን በትክክል አይተው ያጠሩበት እንጨት ግን አልያዘም።

2023 ላይ የኛው ኳርተርባክ ሳም ሃወል 65 ጊዜ ሳክ ተደረገ፣ ከሊጉ ሁሉ የበለጠ። በዓመቱ ጄይደን ዳንኤልስ የሚባል ኳርተርባክ በ2ኛ ፒክ ወሰድንና 12 አሸነፍን፣ ከዛ 2025 ላይ ቡድኑ ላረሚ ተንስል የሚባለውን ታክል ከሂዩስተን አመጣ፣ በድራፍቱም 29ኛ ላይ ሌላ ታክል፣ ጆሽ ኮነርሊን ጠራ። እኔ ብድግ ብዬ ጮህኩ። አባባ ግራ ገብቷቸው ቲቪውን አዩ፣ «ይሄ ልጅ ምን የሚያደርግ ነው?» አሉኝ።

«አፋፉ ላይ የሚቆመው ነው አባባ» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና ወንበራቸውን ወደ ቲቪው ጠጋ አደረጉ።