የመክፈቻ መንጠቆ ምንድን ነው? የማይተዋወቁ ገጸ ባሕርያትን አንድ ላይ ስለሚያስር የዘመቻ አጀማመር

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የሚና ጨዋታዎች የመክፈቻ መንጠቆ የሚባለው፣ ተጫዋቾች የፈጠሯቸውን ገጸ ባሕርያት ከየነበሩበት አንስቶ ታሪኩ ውስጥ የሚከታቸው የመጀመሪያው ክስተት ነው። የቅጥር ሥራ፣ ከሞተ ዘመድ የመጣ ደብዳቤ፣ በሌሊት የተቃጠለ ገበያ ወይም የእስር ቤት ክፍል ሊሆን ይችላል። መልኩ ምንም ይሁን ምን ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ እነዚህ ሰዎች ለምን ይሄዳሉ? ለምንስ አብረው ይሄዳሉ? አብዛኛው ጀማሪ ጨዋታ መሪ የሚደክመው ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ግን ተጫዋቾቹ እንደምንም ይወጡታል ብሎ ይተወዋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ አንዱ ሰው ጨዋታ መሪ ይሆናል። ጠላቱንም፣ ባለሱቁንም፣ መንገደኛውንም የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። የዘርፉ ቀዳሚ የሆነው ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አሜሪካ ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚዘልቀው ተከታታይ ታሪክ ዘመቻ ይባላል፤ አንዱ ቀጠሮ ደግሞ ሴሽን።

ልቦለድ ጸሐፊ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ የሚያስባቸው በአንድ ጭንቅላት ነው። እዚህ ግን አራት ሰው በየቤቱ ተቀምጦ ለየብቻው አስቧቸው ይመጣል። አንዱ ማንንም የማያምን ሌባ ይዞ ይመጣል። ሌላዋ ሌባ የምትጠላ መነኩሲት። ሦስተኛው ከተማ ሲያይ የሚያቅለሸልሸው አዳኝ። እነዚህን ሰዎች አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ አስቀምጦ "በሉ ተዋወቁ" ማለት፣ ተጫዋቾቹን በራሳቸው ገጸ ባሕርይ ላይ እንዲዋሹ መጠየቅ ነው። ሌባው "እኔ ምን አገባኝ?" ብሎ ቢነሳ ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም፤ የፈጠረው ሰው በእርግጥ እንዲህ ነው የሚለው።

በነገራችን ላይ ጠጅ ቤቱ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው። ካባ የተከናነበ ሽማግሌ ካርታ ይዞ የሚመጣበት አጀማመር መቀለጃ ከሆነ ቆይቷል። ቦታው ግን ምንም አላጠፋም። የሚያበላሸው፣ ገጸ ባሕርያቱ እንግዳ ለእንግዳ ሆነው በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው የመጀመሪያው ሰዓት በመጠራጠር ማለቁ ነው። እዚያው ጠጅ ቤት ውስጥ አራቱም የአንድ ሟች ለቅሶ ላይ የተገናኙ ቢሆኑ ነገሩ ሌላ ነበር።

በደንብ የሚታይ አንድ እውነተኛ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የጀማሪዎች ስብስብ ሎስት ማይን ኦቭ ፋንዴልቨር የተባለ ጀብዱ ይዟል። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ ጉንድረን ሮክሲከር የሚባል ድንክ ገጸ ባሕርያቱን ኔቨርዊንተር ከተማ ላይ ይቀጥራቸዋል። ሥራው አንድ ጋሪ ዕቃ ፋንዳሊን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ማድረስ ሲሆን ክፍያው ለእያንዳንዳቸው 10 የወርቅ ሳንቲም ነው። እሱ ከሲልዳር ሆልዊንተር ጋር ቀድሞ ይሄዳል። ጨዋታው የሚከፈተው በድርድሩ ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ፣ ጋሪው እየሄደ ሳለ ነው። ቀስት የተሰካካባቸው ሁለት የሞቱ ፈረሶች መንገዱን ዘግተው ይታያሉ። ጠጋ ብሎ ያየ የጉንድረንና የሲልዳር ፈረሶች መሆናቸውን ያውቃል። ጎብሊን የሚባሉ አራት ትናንሽ ጭራቆች ደግሞ ጥሻው ውስጥ አድፍጠዋል።

ይህ ተራ የሚመስል አጀማመር ብዙ ነገር በአንዴ ይፈታል። "ሥራውን ትቀበላላችሁ?" የሚለው ጥያቄ አይነሳም፤ ተቀብለው ጋሪው ላይ ናቸው። አብረው ለመጓዝ መስማማታቸው ያለፈ ነገር ነው። ውጊያው ደግሞ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሥራው ይለወጣል፦ ዕቃ ማድረስ የነበረው በጎብሊኖች የተያዘውን ጉንድረንን ማዳን ይሆናል፣ ያልተከፈለው ገንዘብም ከተያዘው ሰው ጋር አብሮ ጠፍቷል። ለገንዘብ የመጣውም ለሰው የሚያዝነውም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ድክመቱ፣ ገመዱ የሚያስራቸው ከጉንድረን ጋር እንጂ እርስ በርስ አለመሆኑ ነው። አዘጋጆቹም ይህን ያወቁ ይመስላል፤ በስብስቡ ውስጥ ተዘጋጅተው የሚመጡት ገጸ ባሕርያት በአካባቢው የየራሳቸው የግል ጉዳይ ተሰጥቷቸዋል። ተጫዋቾች የራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ከፈጠሩ ግን ያን የመሙላት ሥራ የጨዋታ መሪው ይሆናል።

ሰዎችን አንድ ላይ የሚያቆዩ ማሰሪያዎች ሲጠቃለሉ ሦስት ናቸው፦ የጋራ ጭንቅ፣ የጋራ ያለፈ ታሪክ እና የጋራ ንብረት። ጥንካሬያቸው እኩል አይደለም።

የጋራ ጭንቅ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አውት ኦቭ ዚ አቢስ የተባለው የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ጀብዱ ገጸ ባሕርያቱን ከምድር በታች፣ ድራው በሚባሉ ጨካኝ የጨለማ ፍጥረታት እጅ እስረኛ አድርጎ ይጀምራል። ማንም "ለምን አብሬ እሄዳለሁ?" ብሎ አይጠይቅም። እዚያ የሚያዋጣው ካመለጡ በኋላም ረጅም ሽሽት ስለሚጠብቃቸው ነው። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ፀሐይና ሰፊ መንገድ የሚያገኙ ከሆነ ግን በዚያው ቅጽበት ማሰሪያው ይበጠሳል።

የጋራ ያለፈ ታሪክ ይሻላል፤ ምክንያቱም በሩ ሲከፈት አብሮ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሌላው የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ጀብዱ፣ ዲሰንት ኢንቱ አቨርነስ፣ መላው ቡድን አንድ የጨለመ ምሥጢር እንዲጋራ ያደርጋል፤ ሁሉም እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፌት ኮር የተባለ ሌላ የሚና ጨዋታ ደግሞ በሚገባ የተሰላ ዘዴ አለው። እያንዳንዱ ተጫዋች የገጸ ባሕርዩን አንድ የቀድሞ ጀብዱ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ከዚያ ወረቀቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የተቀበለው የራሱ ገጸ ባሕርይ እዚያ ጀብዱ ውስጥ እንዴት እንደገባ ይጨምራል። ይህ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው በሌሎች ሁለት ሰዎች ታሪክ ውስጥ አለ፣ በእሱም ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። ሥርዓቱን ለመዋስ ፌት ኮርን መጫወት አያስፈልግም፤ የትኛውም ጨዋታ ላይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሠራል።

ከሁሉም ጠንካራው የጋራ ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ውስጥ ተጫዋቾቹ ከገጸ ባሕርዮቻቸው ጎን የወንበዴ ቡድናቸውን ራሱን ይፈጥራሉ። ቡድኑ የራሱ ወረቀት፣ መደበቂያ ቤትና ዝና አለው። አንድ ገጸ ባሕርይ ቢሞት ቡድኑ ይቀጥላል፤ ጥሎ የሚሄድ ደግሞ የሚያጣው ነገር አለ። መርከብ፣ የእርሻ መሬት፣ የንግድ ፈቃድ፣ ዕዳም ቢሆን ይሆናል። ዕዳ ከሁሉም ይበልጣል ብለን እናምናለን፤ ሀብት ተካፍለው መለያየት ይችላሉ፣ ዕዳ ግን ማንም ይዞ መሄድ አይፈልግም።

አማርኛ ተናጋሪዎች ለተቀመጡበት ጠረጴዛ ደግሞ ከእቁብ የተሻለ ዝግጁ ማሰሪያ ማግኘት ይቸግራል። ዓለሙ አስማትና ድራጎን ያለበት ቢሆን እንኳ እቁቡ ይሠራል። መንጠቆው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ሁላችሁም የአንድ እቁብ አባላት ናችሁ፤ ዳኛው ትናንት ማታ ከነገንዘቡ ጠፍቷል።"

ይህ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት፣ ዳይስ በማይጣልበት የመሰናዶ ስብሰባ ላይ ይነገራል። ተጫዋቾች ይህን ስብሰባ ሴሽን ዜሮ ይሉታል። ገጸ ባሕርያቱ የሚፈጠሩት ዓረፍተ ነገሩ ከተሰማ በኋላ መሆኑ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ማንም ከእቁቡ ውጭ የሆነ ሰው ይዞ አይመጣም። ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ዕጣው ቢወጣለት ገንዘቡን ለምን ያውለው ነበር? በስተቀኙ ለተቀመጠው ሰው ዋስ የሆነው ለምንድን ነው? ስለ ዳኛው ሌሎቹ የማያውቁት ምን ያውቃል?

ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ዋስትናው በክብ ስለሚዞር ሁሉም የአንዱ ዋስ ነው፣ እያንዳንዱም ዋስ አለው። ከመካከላቸው አንዱ እቁቡ ቀደም ብሎ የወጣለት ይሁን። እሱ ገንዘቡን በልቷል፤ የዳኛው መጥፋት ብዙ አያስጨንቀውም፣ እንዲያውም ሹልክ ብሎ ለመጥፋት ምክንያት አለው። ግን ቢጠፋ ቀሪውን መዋጮ የሚከፍለው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ይህን ያውቃል። ጨዋታ መሪው ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ ወሬ ይሞቃል።

የመጀመሪያው ሴሽን በዳኛው ቤት በር ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል። መግለጫው ከአራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ የመንግሥታትን ታሪክ ለሃያ ደቂቃ መተረክ ማንንም አይነጥቅም። በሩ ተገርበብ ብሏል፤ ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ግን በቁልፍ ነው የተከፈተው፤ ከመዝገቡ የመጨረሻው ቅጠል ተቀዷል፤ የዳኛው ጫማ አልጋው ሥር አለ። "ምን ታደርጋላችሁ?" ተብሎ ይቆማል። እነዚህ ፍንጮች ሁሉም ወደ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ቀራጩ መጋዘን፣ የሚያመሩ መሆን አለባቸው። ተጫዋቾች እንዲደርሱበት ለሚፈለግ ማንኛውም ነገር ከሦስት ያላነሰ ፍንጭ ማስቀመጥ ደንብ ነው፤ አንዱን አያዩትም፣ ሌላውን በተቃራኒው ይተረጉሙታል። በሴሽኑ መጨረሻ ደግሞ ዳኛው ለቀራጩ ዕዳ እንደነበረበትና የሁሉንም ስም ያለ እውቅናቸው በዋስነት እንዳስመዘገበ ይገለጻል። ገንዘቡ ቢመለስም አሁን አይበታተኑም።

ከሚበላሹት ነገሮች ዋነኛው መንጠቆው በአንድ ሰው ላይ ብቻ መሰካቱ ነው። የአንዷ ገጸ ባሕርይ እህት ታፈነች ቢባል፣ ሦስቱ ተጫዋቾች በሰው ጉዳይ እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ። ያችው የታፈነች ሴት ለአንዷ እህት፣ ለሌላው ባለዕዳ፣ ለሦስተኛው ንጹሕነቱን የምታውቅ ብቸኛ ምስክር ከሆነች ግን ማንም ዳር ላይ አይቀመጥም።

ቀጣሪው በመጀመሪያው ጀብዱ ላይ ከዳቸው ማለት ጀማሪ ጨዋታ መሪዎች በጣም የሚወዱት መታጠፊያ ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ቀጣሪ ሁሉ፣ ዳቦ የሚሸጠውን አሮጊት ጨምሮ፣ ተጫዋቾቹ እየመረመሩ ሴሽኑን ይፈጁታል። ክህደቱ እስኪዋደዱ ይቆይ። ከተጫዋቾቹ አንዱን በስውር የጠላት ሰላይ ማድረግም ያው ነው፤ ሁሉም አስቀድሞ ካልተስማማበት በቀር ቡድኑ ገና ሳይጋገር ይፈርሳል።

በእስር የሚጀመር ከሆነ የሚጫወቱት ከተያዙ በኋላ ያለውን እንጂ መያዛቸውን አይሁን። ማሸነፍ የማይቻል ውጊያ ሰጥቶ መሣሪያቸውን መቀማት የሚያስቀይመው ተጫዋቹን ነው።

የመክፈቻው ውጊያ መጠንም ይታሰብበት። በዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም የአንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ገና ጀማሪ የሆነ ጠንቋይ አብዛኛውን ጊዜ 7 ወይም 8 የሕይወት ነጥብ (ከመውደቁ በፊት የሚችለው ጉዳት) ነው ያለው። የአንድ ጎብሊን ቀስት እስከ 8 ድረስ ይጎዳል፤ ለመምታት የሚጣለው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ 20 ካሳየ ደግሞ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። አሥር ጎብሊን የደረደረ ጨዋታ መሪ አንድነት ሊፈጥር አስቦ ሁለት ሰው መሬት ላይ ዘርሮ ይጨርሳል።

እምቢተኛውን ብቸኛ ሰው በተመለከተ የሚሠራው የጥያቄውን ጊዜ መለወጥ ነው። "አብረሃቸው ትሄዳለህ?" ሲባል እምቢ ማለት ይቻላል። "አብረሃቸው የሄድክበት ምክንያት ምን ነበር?" ሲባል ግን ተጫዋቹ ራሱ ምክንያት ይፈጥራል፤ ራሱ የፈጠረውን ደግሞ ቶሎ አይጥለውም።

አንድ ምሽት ብቻ ለሚፈጅ ጨዋታ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። "ተቀጥራችኋል፣ ግማሹን ክፍያ ተቀብላችኋል፣ አሁን በሩ ፊት ለፊት ቆማችኋል" ተብሎ ቢጀመር ማንም አይከፋም፤ ሦስት ሰዓት ነው ያለው።