የጊዜ ቀጠሮ ምንድን ነው?

የጊዜ ቀጠሮ፣ ፖሊስ በወንጀል የጠረጠረውን ሰው ይዞ ምርመራውን ሳይጨርስ ሲቀር፣ ተጠርጣሪው ክስ ሳይመሠረትበት በእስር እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ ግን ከስሌቱ ውጭ ያደርገዋል፤ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ተይዞ አዲስ አበባ ለሚወሰድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት ዳኛው በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ ሊፈቅድ አይችልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፣ ጠቅላላው ደግሞ ከአራት ወር እንዳይበልጥ ደነገገ። የመብት ተሟጋቾች ስለዚህ አዋጅ ሲናገሩ በብዛት የሚያነሱት የሽብር ትርጓሜው መስፋቱንና “ማበረታታት” የሚለው ድንጋጌ ለጋዜጠኞች አስጊ መሆኑን ነው፤ ትክክልም ነው። በእኔ ግምት ግን ከዚያ የማያንሰው ጉዳት ያለው በዚህች የቀን ቁጥር ላይ ነው። መደበኛው ሕግ ዳኛውን “ከዚህ በላይ አትስጥ” ሲለው አዋጁ “ከዚህ በታች አትስጥ” አለው፤ ስለዚህ የቀረው ምርመራ በሳምንት የሚያልቅ መሆኑን ቢረዳ እንኳ፣ ቀጠሮ ከፈቀደ 28 ቀን መስጠት ነበረበት።

በችሎት የሚሰማው ክርክር አጭርና የተለመደ ነው። መርማሪው “ግብረ አበሮች አልተያዙም፣ የምስክር ቃል ይቀረናል፣ ከቴሌ የጠየቅነው ማስረጃ አልመጣም” ይላል፤ ጠበቃው “ባለፈውም የተባለው ይኸው ነበር፣ ምን እንደተሠራ መዝገቡ ይታይልን” ብሎ ዋስትና ይጠይቃል። የሽብር ምርመራ ውስብስብና ጊዜ የሚፈልግ ነው የሚለው የመንግሥት መከራከሪያ ባዶ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጊዜ መፈለጉ በየቀጠሮው መረጋገጥ ያለበት ነገር እንጂ በሕግ አስቀድሞ የሚታመን ነገር ሊሆን አይገባም ነበር። የሽብር ጉዳይ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲታይ አዋጁ በመደንገጉም፣ የደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ስንቅና ልብስ ለማቀበል በደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይጠበቅበት ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ያረጋገጠው በቤተሰብ የመጎብኘት መብት ለገበሬ ቤት የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ጥያቄ ይሆን ነበር።

አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሽሯል። ሆኖም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣውን ግጭት ተከትሎ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ጎጃምን ጨምሮ በክልሉ ሌላ ሥጋት አመጣ፤ ምክንያቱም በአስቸኳይ ጊዜ ፈጽሞ እንዳይነኩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ከተዘረዘሩት መብቶች መካከል የአንቀጽ 19 የ48 ሰዓት ገደብ የለበትም።

ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የታሰረ ሰው፣ እርሱ ካልቻለም ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሆኖ፣ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው የሚያገለግለው ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለተያዘ ሰው ነው፤ የጊዜ ቀጠሮ በሕጉ መሠረት ከተሰጠ በኋላ በዚህ መንገድ እስሩን መቃወም አይቻልም።