ፓሪስ ላይ እንቅልፍ የሚነሳን ምንድን ነው? ስለ ሆቴል አልጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወደ ፓሪስ የሚጓዝ ሰው ስለ ኤፌል ማማና ስለ ሉቭር ሙዚየም ቀደም ብሎ ያነባል፤ ስለሚያድርበት ክፍል ግን ከዋጋው ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ዓመት ሙሉ የተቆጠበለት ጉዞ በእንቅልፍ እጦት ሲበላሽ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ሲያዝ ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ጥያቄ ነው። ሳይጠየቅ የሚቀረው ደግሞ መልሱን የምናውቅ ስለሚመስለን ነው።

«ኮከቡ ከበዛ እንቅልፉም ያምራል»

በፈረንሳይ ሆቴሎች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይመደባሉ። ምደባውን የሚሰጠው አቱ ፍራንስ የተባለው ብሔራዊ የቱሪዝም ተቋም ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። መመዘኛዎቹ በአመዛኙ የክፍሉን ስፋት፣ የዕቃውን ብዛትና መስተንግዶውን የሚመለከቱ ናቸው፤ ለምሳሌ ባለ 5 ኮከብ ሆቴል ውስጥ የሁለት ሰው ክፍል ከ24 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም። መስኮትዎ ወዴት እንደሚከፈት ግን ኮከቡ አይነግርዎትም።

ፓሪስ ላይ ደግሞ ዋናው ጉዳይ መስኮቱ ነው። ብዙዎቹ ሆቴሎች ያሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ወደ መንገድ፣ የኋለኛው ወደ ውስጠኛው ግቢ ያያል። የፊተኛው ለፎቶግራፍ ያምራል። ከዕይታው ጋር ግን የሞተር ብስክሌቱ፣ እስከ ሌሊት የሚቆየው የካፌ ጫጫታና የቆሻሻ መኪናው አብረው ይመጣሉ። ወደ ግቢ የሚያይ ባለ 2 ኮከብ ክፍል ወደ አውራ ጎዳና ከሚያይ ባለ 4 ኮከብ ክፍል ይሻላል እላለሁ። ክፍል ሲይዙ «ሱር ኩር»፣ ማለትም ወደ ግቢ የሚያየውን እንደሚፈልጉ ይጻፉላቸው።

የላይኛው ፎቅ ጸጥታ አለው ብለው ለሚመርጡም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የድሮዎቹ የፓሪስ ሕንፃዎች ጣሪያ ዚንክ ነው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 የከተማዋ ሙቀት 42.6 ዲግሪ ደርሷል። በትናንሾቹ ሆቴሎች አየር ማቀዝቀዣ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ብርድ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ማደር ለለመደ ሰውማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ደብል ከተባለ ለሁለት ሰው ይበቃል»

የፈረንሳይ የተለመደው ደብል አልጋ ወርዱ 140 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኛ ሜትር ከሃምሳ ከምንለው ያንሳል። ለሁለት ሲካፈል ለአንዱ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል፣ የአንድ ሰው አልጋ እንኳን 90 ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ባለ 160 አልጋ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ወይም ትዊን፣ ማለትም ሁለት ነጠላ አልጋ ያለውን ክፍል ይያዙ። እናትና ልጅ፣ ወይም ሁለት ጓደኛሞች ሆነው ከሄዱ፣ ትዊን ሲይዙ አልጋዎቹ ተለያይተው እንዲቀመጡ መናገር አይርሱ፤ ገጥመው የሚያነጥፉ ሆቴሎች አሉ።

«ለወገብ የሚበጀው ጠንካራ ፍራሽ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2003 ስፔን ውስጥ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባለባቸው 313 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት የተሻለ ውጤት ያገኘው መካከለኛ ጥንካሬ ካለው ፍራሽ ነው። ከጣውላ የማይለይ አልጋ ላይ ማደር ጀግንነት እንጂ ሕክምና አይደለም።

«መጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ ሆቴሉ መጥፎ ነው»

ይህኛው ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ሆቴል እንዲቀይር ያደርጋል። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው በማያውቀው ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል ከቀኙ ያነሰ ጥልቀት ያለው እንቅልፍ እንደሚተኛና ለእንግዳ ድምፅ ፈጥኖ እንደሚነቃ አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ እዚያው ሲተኙ ልዩነቱ አልታየም። እንግዳ ቤት ያደረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፦ ሰውነት ተኝቶም ዘብ ይቆማል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሦስት ሌሊት በሦስት ሆቴል ማደር ሦስቱንም ሌሊት የመጀመሪያ ያደርጋቸዋል። ርካሽ ዋጋ እያሳደዱ በየቀኑ ሻንጣ ከመጎተት አንድ ቦታ መርጋት ይሻላል። ከባድ ቀጠሮም ካለዎት በደረሱ ማግስት አይያዙት። የራስዎን የትራስ ልብስ ይዘው መሄድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የለመዱት ጨርቅና ሽታ ግን ያረጋጋል።

«የሚያደክመን የሰዓት ልዩነቱ ነው»

ከዋሽንግተን ለሚነሳ ወገናችን እውነት ነው፤ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሰዓት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ከወትሮው ቀድሞ መተኛት ስለሚጠይቅ የበለጠ ይከብዳል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ግን ልዩነቱ በአውሮፓ ክረምት 2፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ብቻ ነው። የሚያደክመው አውሮፕላን ውስጥ የባከነው ሌሊት ነው። እኩለ ሌሊት አካባቢ ተነስተው ማለዳ ይደርሳሉ፤ ክፍሉን የሚያስረክቡዎት ግን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ቀደም ብሎ መግባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ሻንጣዎን አስቀምጠው ብርሃን ላይ ይንሸራሸሩ። ማሸለብ ካስፈለገ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ።

ብዙም የማይታሰበው ብርሃኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ፓሪስ ላይ በሰኔ አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ድረስ ትቆያለች፤ ልጆች ይዘው የሚሄዱ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ በእኛ ሰኔ 14፣ በእነሱ ጁን 21 ቀን ደግሞ የሙዚቃ በዓል ስለሚከበር ጎዳናው ሁሉ እስከ ሌሊት ይዘፍናል። በዚያ ቀን ከደረሱ ወጥተው አብረው ቢያከብሩ ይሻላል።

«እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም»

ቡና እያየ ያደገ ሰው ይህን ሲል አልፈርድበትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንኳን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ ቀንሷል፤ ፓሪስ ላይ ከእራት በኋላ ትንሽ ስኒ ቡና መጠጣት ልማድ ነው። ወይኑም ያው ነው፤ ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ያውካል።

«ትኋን ያለው ቆሻሻ ሆቴል ውስጥ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2023 መጸው የፓሪስ ትኋን የዓለም ወሬ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ የጤናና ደኅንነት ተቋም አንሴስ ባወጣው ዘገባ፣ ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት 11 በመቶ የሚሆኑ የአገሪቱ ቤተሰቦች ትኋን ገጥሟቸዋል። ትኋን የሚፈልገው የሰው ደም ነው፤ የሚጓዘውም በሻንጣ ነው። ቆሻሻና ንጹሕ፣ ርካሽና ውድ አይመርጥም። የተነከሰ ሰውም ማፈር የለበትም፤ በሽታ እንደሚያስተላልፍም አልተረጋገጠም።

ክፍል ሲገቡ ሻንጣዎን አልጋው ላይ አያኑሩ። አንሶላውን ገልጠው የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ራስጌ በስልክዎ መብራት ይመልከቱ፤ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካዩ ወዲያው ይናገሩ። የሚሰጥዎት ምትክ ክፍል ከጎን ወይም በቀጥታ ከላይና ከታች ያለ እንዳይሆን ይጠይቁ፤ ትኋን በግድግዳ ስንጥቅ ይሻገራል። ቤትዎ ሲመለሱም ልብሱን በ60 ዲግሪ ውኃ ይጠቡት።