የኢትዮጵያ ወጣትና ታዳጊ ሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ከጅማ ሲታዩ

ኢትዮጵያ በሴቶች እግር ኳስ ዋናውን፣ ከ20 ዓመት በታቹንና ከ17 ዓመት በታቹን ብሔራዊ ቡድን ታሰልፋለች። ዋናው ቡድን በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ በተገኘችው ቅሪተ አካል ስም «ሉሲ» ይባላል። ለምን «ድንቅነሽ» እንዳልተባለ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔም አንዱ ነኝ። ሁለቱ ታናናሾች ይህን ያህል የታወቀ ስም የላቸውም። በስፖርት ዜና አነጋገር ከ20 ዓመት በታቹ «ወጣት»፣ ከ17 ዓመት በታቹ «ታዳጊ» ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሲሆን፣ የሚያያቸውም ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከጅማ ሆኖ ነው።

ስለ ወጣት ብሔራዊ ቡድን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ቡድኑ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ የሌለ መሆኑ ነው። ክለብ ደመወዝ ይከፍላል፣ የሊግ መርሐ ግብር አለው፣ ሰኞ ልምምድ እንዳለ ይታወቃል። ብሔራዊ ቡድኑ ግን የማጣሪያ ድልድል ሲወጣ ነው የሚወለደው። አሠልጣኝ ይሾማል፣ ለተጫዋቾች ጥሪ ይደረጋል፣ ልጆቹ ሆቴል ወይም አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የልኅቀት ማዕከል ይገባሉ፣ ጥቂት ሳምንት ይዘጋጃሉ፣ ሁለት ጨዋታ ያደርጋሉ። ከተሸነፉ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየክለባቸው ይመለሳሉ። ለቀጣዩ ማጣሪያ ጥሪ ሲወጣ ከእነዚያው ልጆች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አልፏል፤ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

የማጣሪያው ሥርዓትም ርኅራኄ የለውም። በወንዶች ከ20 እና ከ17 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫ አለ፤ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ራሱ ነው ውድድሩ። ምድብ የለም። ደርሶ መልስ ተጫውቶ በድምር ውጤት የተበለጠ ይወጣል። አንድ መጥፎ ከሰዓት በኋላ የወራት ዝግጅት ይዞ ይሄዳል። ኮታውም ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኮስታ ሪካ ላይ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የተሰጣት 2 ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ጋናና ናይጄሪያ ወሰዱት። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ኮሎምቢያ ላይ ወደ 24 ቡድን ሲሰፋ የአፍሪካ ድርሻ 4 ሆነ። ከ17 ዓመት በታቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2029 በየዓመቱ ሞሮኮ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ለታዳጊዎች ትልቅ ነው፤ ቀድሞ ውድድሩ በ2 ዓመት አንዴ ሲመጣ «ትንሽ ቀደም ብላ ተወለደች» በሚል ብቻ ዕድሉ ያመለጣት ልጅ ብዙ ናት።

የኢትዮጵያ ወጣት ቡድን ለበሩ እጅግ ከቀረበባቸው ጊዜያት አንዱ ያው የኮስታ ሪካው ማጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ላይ ኡጋንዳ ባዘጋጀችው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ (ሴካፋ) ከ20 ዓመት በታች ውድድር አስተናጋጇን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ አነሣ። ከዚያ በዓለም ዋንጫው ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ ከጋና ጋር ተገናኘ፤ እዚያ በድምር ውጤት ተሸንፎ ቀረ። ከዓለም ዋንጫ የለየው አንድ ዙር ነው። ጎረቤቶቻችን ግን በሩን አልፈውታል። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕንድ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2024 በማጣሪያው ኢትዮጵያን ጥላ ለዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ውድድር አለፈች፤ በወንድም በሴትም፣ በየትኛውም ዕድሜ፣ ኬንያን ወክሎ ለፊፋ የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ የበቃ የመጀመሪያው ቡድን እነዚያ ታዳጊዎች ናቸው።

ሉሲም ብትሆን የምታስረዳው ይህንኑ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2004 እና በ2012 ተሳትፋለች፤ በ2004ቱ አራተኛ ወጥታለች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 1 ይዛ፣ በቀናት ልዩነት አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሰው ይህን ሲያይ «አየሩ ነው»፣ «ጉልበት ነው» ይላል። በእኔ ግምት ልዩነቱ ከዚያ ይቀድማል፤ አንዲት ተጫዋች 17 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ስንት እውነተኛ ጨዋታ፣ ዳኛና ነጥብ ያለው ጨዋታ፣ ተጫውታለች የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ይዞ ጅማ መሄድ ይጠቅማል።

ጅማ ኳስ የማይገባት ከተማ አይደለችም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በልቷል። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ተረትቶ ወጥቷል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በየተራ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱ ካስተናገዱት አንዱ ነበር፤ ከተማዋ በቀጥታ ሥርጭት የታየችበት ጊዜ ነው። ክለቡ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዷል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ ካፍ ከዚያ ወዲህ በወንዶች የክለቦች ውድድር የሚሳተፍ ክለብ የሴቶች ቡድንም እንዲኖረው የሚጠይቅ መመሪያ አውጥቷል። የአባ ጅፋር ዋንጫ 5 ዓመት ዘግይቶ ቢመጣ ኖሮ የከተማዋ ሴት ልጆች በግድም ቢሆን ከግብዣው ይደርሳቸው ነበር።

በሰፈር ደረጃ ታዳጊዎችን የሚይዘው አደረጃጀት በተለምዶ «ፕሮጀክት» ይባላል። አንድ አሠልጣኝ፣ ጥቂት ኳስ፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ልጅ፣ አንዳንዴ የማሊያ ድጋፍ። ሜዳው የወንዶቹ ነው፤ ሴቶቹ ጎን ላይ ባለው ክፍት ቦታ ይሞቃሉ፣ ወንዶቹ ሲጨርሱ ወይም ሲደክሙ ይገባሉ። ጅማ ላይ ዝናቡ ከበልግ እስከ መስከረም ስለማይለቅ ቀዩ አፈር ጭቃ ሆኖ ይቆያል፤ ያለ ታኬታ መቆም አይቻልም። ታኬታው ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። ቅያሪ ሲጠራ የምትወጣው ልጅ መስመሩ ላይ ቁጭ ብላ ማሰሪያውን ትፈታለች፣ የምትገባው በካልሲ ቆማ ትጠብቃለች፤ ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ ዳር ያለው ሕዝብ «ቶሎ በይ!» ይላል። አንዷ 37 ቁጥር፣ ሌላዋ 39 ብትሆንም ችግር የለም፤ ለሰፊው ጨርቅ ይጠቀጠቃል። ማታ ታኬታው ቡና ከተፈላበት ምድጃ አጠገብ ይደርቃል። በጣም ከቀረበ ሶሉ ይከፈታል፤ ጠዋት ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ በማስቲሽ ይለጠፋል።

ከዚህ ሜዳ እስከ ብሔራዊ ቡድን ያለው መንገድ ቀጥተኛ አይደለም። ጥሪ የሚወጣው በዋናነት ከሴቶች ሊግ ነው፤ አሠልጣኙ የሚያየው እዚያ የሚጫወቱትን ነው። በሴቶች እግር ኳስ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ንግድ ባንክ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ አርባ ምንጭ፣ እንዲሁም አሰላ ያለው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከል ናቸው። ስለዚህ የጅማዋ ልጅ መጀመሪያ ከቤቷ መውጣት አለባት። ዱራሜ የተወለደችው ሎዛ አበራ ሐዋሳ ሄዳ፣ ደደቢት ሄዳ፣ ስዊድንና ማልታ ድረስ ተጉዛ ነው የሉሲ ፊት የሆነችው። ይህ ለ15 ዓመት ልጅ ወላጅ ሲነገር የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ የራስ ልጅ ተራ ሲደርስ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እናት ስለ ደመወዝ ከመጠየቋ በፊት «ኮች፣ ልጄ የት ነው የምታድረው?» ትላለች። መልስ ያለው አሠልጣኝ ልጅቷን ያገኛል። የሌለው፣ ምንም ያህል ስለ ተሰጥኦዋ ቢያወራ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል።

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት አካባቢ ሌላው ጥያቄ የፀጉር መሸፈኛ ነው። ደንቡ ቀድሞ ይከለክል ነበር፤ የኢራን ሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ ምክንያት የኦሊምፒክ ማጣሪያ ጨዋታ እንዳያደርግ ተከልክሏል። የጨዋታ ሕግ አውጪው አካል እ.ኤ.አ. በ2014 በይፋ ፈቀደው። ዛሬ በሕጉ መሠረት መሸፈኛው ጥቁር ወይም የማሊያው ዋና ቀለም ይሆናል፤ የአንድ ቡድን ልጆች ተመሳሳይ ቀለም ያደርጋሉ፤ ከማሊያው ጋር አይያያዝም፤ የሚንጠለጠል ጫፍ ወይም አደጋ የሚያመጣ መርፌ አይኖረውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሞሮኮዋ ተከላካይ ኑሃይላ ቤንዚና በዋናው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ፀጉሯን ሸፍና በመጫወት የመጀመሪያዋ ሆናለች። ሕጉ ከወጣ ከ10 ዓመት በኋላም በየሰፈሩ «ሻሽሽን አውልቂ» የሚል የሜዳ ዳኛ ቢገጥም አይገርምም፤ ያኔ አሠልጣኙ ሕጉን አንብቦ መምጣቱ ጥሩ ነው።

ስለ ዳኛ ከተነሣ፣ ጅማ በዓለም ዋንጫ ሜዳ ላይ ቆማለች፤ በተጫዋች ሳይሆን በፊሽካ። ጅማ ያደገችው ሊዲያ ታፈሰ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር፤ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። ኢንተርናሽናል ዳኛ ሆና እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ደግሞ ፈረንሳይ ላይ ለተካሄዱት የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ተመርጣለች። ሉሲ እስካሁን ያልደረሰችበት መድረክ ነው።

ልጅቷ ከቤት ወጥታ፣ ሊግ ገብታ፣ ጥሪ ደርሷት እንኳ የሚቀራት አንድ ነገር ወረቀት ነው። የዕድሜ ገደቡ የሚቆረጠው በፈረንጅ ጥር 1 ቀን ነው። ለኮሎምቢያው ውድድር መጫወት የምትችለው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2004 ወዲህ የተወለደች ብቻ ነበረች፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1996 ማለት ነው። ጅማ ላይ ደግሞ የልጅ ልደት በቀን ሳይሆን በሥራ ነው የሚታወሰው፦ «ቡና ለቀማ ላይ ነው የወለድኳት»። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከገደቡ አፍንጫ ሥር ሆኖ፣ በተሳሳተው በኩል።

የልደት ካርድና ፓስፖርት ሲወጣ ዓመቱ ይመነዘራል። ሲመነዘር ብዙ ሰው 8 መደመር ይቀናዋል፤ 1996 ላይ 8 ሲጨመር 2004፣ አለቀ። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለደ ሰው የሚጨመርለት 7 ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1996 የተወለደች ልጅ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2003 ነው የተወለደችው፤ በ2 ቀን አልፏታል። ጽሕፈት ቤቱ 8 ደምሮ ከላከው አንዱ ሰነድ 2003፣ ሌላው 2004 ይላል፤ ልጅቷ ሳትዋሽ የዋሸች ትመስላለች። የተገላቢጦሹም አለ፦ ጥር 1996 የተወለደችው 7 ተደምሮላት በ2003 ስለተመዘገበች ጥሪውም ሳይደርሳት ይቀራል። በተለይ አራተኛው ዓመት ሲመጣ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን ድንበሩ ራሱ በአንድ ቀን ይንቀሳቀሳል፤ በ1996 ታኅሣሥ 22 የነበረው በ1998 ታኅሣሥ 23 ነው። ስለዚህ የፕሮጀክት አሠልጣኝ ልጅ ሲመዘግብ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ወሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ፣ ምንዛሬውን ለብቻው ቢያደርግ ይሻለዋል። እናቲቱም «ቡና ለቀማ» ስትል «መጀመሪያው ላይ ነው መጨረሻው?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ትዝ ይላታል፣ የዚያን ዓመት ቡና በስንት እንደተሸጠ ጨምራ ትነግረዋለች።