የቡድን መልሶ ግንባታና የዝውውር ፖሊሲ፦ አሰልጣኞችና ደጋፊዎች የሚከራከሩበት ጉዳይ

የቡድን መልሶ ግንባታ ማለት አንድ የእግር ኳስ ክለብ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ውላቸው ወደ ማብቂያው የተቃረበ ወይም ከአሰልጣኙ አጨዋወት ጋር የማይሄዱ ተጫዋቾችን እያሰናበተ፣ በምትካቸው ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚያገለግሉትን እያመጣ ስብስቡን በሂደት የሚለውጥበት ሥራ ነው። የዝውውር ፖሊሲ ደግሞ ይህ ሥራ የሚመራበት መርህ ነው፤ ክለቡ በምን ዕድሜ ላይ ያለ ተጫዋች እንደሚገዛ፣ ምን ያህል ደመወዝ እንደሚከፍል፣ ማንን መቼ እንደሚሸጥ፣ ከራሱ አካዳሚ ለሚወጡ ወጣቶች ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ የሚወሰነው በእሱ ነው። በደጋፊዎች ዘንድ የዚህን ያህል ረጅምና የጦፈ ክርክር የሚያስነሳ ጉዳይ የለም ማለት ይቻላል፤ የአንድ ጨዋታ ውጤት በሳምንቱ ሲረሳ፣ የተሳሳተ ግዢ ወይም ያለጊዜው የተፈጸመ ሽያጭ ግን ክለቡን ለዓመታት አስሮ ይይዘዋል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በሚገዙት ተጫዋቾች ላይ ነው። የታላላቅ ክለቦችን ታሪክ በጥሞና ለተመለከተ ግን የአንድን አሰልጣኝ ዳኝነት ይበልጥ ገልጦ የሚያሳየው ማንን፣ መቼ እና በማን ተክቶ እንደለቀቀ ነው።

ዛሬ የምናውቀው የዝውውር ገበያ የተቀረጸው በአብዛኛው በአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ቤልጅየማዊው ዣን-ማርክ ቦስማን ከአርኤፍሲ ሊዬዥ ጋር የነበረው ውል በ1990 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢያበቃም፣ ክለቡ የዝውውር ክፍያ በመጠየቁ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ መሄድ ሳይችል ቀረ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 15 ቀን 1995 በሰጠው ውሳኔ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ መዛወር እንደሚችል አረጋገጠ፤ በኅብረቱ አገሮች ዜጎች ቁጥር ላይ ተጥሎ የነበረውንም ገደብ ሻረ። የውሳኔው ክንድ ቀድሞ ካረፈባቸው ክለቦች አንዱ በዚያው ዓመት የቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ ያነሳው አያክስ ነበር፤ ኤድጋር ዳቪድስና ሚካኤል ራይዚገር በ1996፣ ፓትሪክ ክላይቨርት ደግሞ በ1997 ውላቸውን ጨርሰው በነጻ ዝውውር ወደ ኤሲ ሚላን ተጓዙ። ከዚያ ወዲህ ውሉ ሊጠናቀቅ አንድ ዓመት የቀረው ኮከብ የየክለቡ ራስ ምታት ሆኗል፤ በቅናሽ መሸጥ፣ በከፍተኛ ደመወዝ ውሉን ማደስ ወይም በባዶ እጅ መሸኘት ካልሆነ በቀር ሌላ ምርጫ አይኖርም። ከ2002/03 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ ግዢና ሽያጭ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ማለትም በውድድር ዘመናት መካከል ባለው ክረምትና በጥር ወር በሚከፈቱ የዝውውር መስኮቶች እንዲከናወን ተደረገ። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ያልተሞላ ክፍተት ለወራት ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ፣ መስኮቱ በሚዘጋበት ሰሞን የደጋፊው ስሜት የሚግለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፖሊሲው «የአሰልጣኙ» ተብሎ ቢጠራም ውሳኔው የአንድ ሰው ብቻ የነበረበት ዘመን እያለፈ ነው። በእንግሊዝ እንደ ማንቸስተር ዩናይትዱ አሌክስ ፈርጉሰንና እንደ አርሰናሉ አርሰን ቬንገር ያሉ አሰልጣኞች ከልምምድ ሜዳው አልፎ እስከ ዝውውር ድርድሩ የሚደርስ ሰፊ ሥልጣን ነበራቸው። በስፔን፣ በጣሊያንና በጀርመን ግን ምልመላውን ስፖርት ዳይሬክተር ይመራል፤ አሰልጣኙ በስብስቡ ላይ አስተያየቱን ቢሰጥም የመጨረሻው ፊርማ የእሱ አይደለም። የዚህ አሠራር መልካም ምሳሌ ሆኖ የሚነሳው ሞንቺ ነው። ራሱ የሴቪያ ግብ ጠባቂ የነበረው ሞንቺ በ2000 ኃላፊነቱን ከተረከበ በኋላ እንደ ዳኒ አልቬስ ያሉ፣ ሲመጡ ብዙም የማይታወቁ ተጫዋቾችን በዝቅተኛ ዋጋ እያስፈረመ በብዙ እጥፍ ሸጠ፤ ክለቡም አሰልጣኞች ቢፈራረቁበትም በ2006 እና በ2007 የዩኤፋ ዋንጫን፣ ከ2014 እስከ 2016 ደግሞ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ዩሮፓ ሊግን አሸነፈ። ይህ አሠራር አሁን በእንግሊዝም ተስፋፍቷል። ደጋፊው በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ዘወትር የሚያየው ግን አሰልጣኙን ስለሆነ፣ አሰልጣኙ ባልመረጠው ተጫዋች ሲወቀስ፣ ባልመለመለውም ሲወደስ ይታያል። ስለዚህ ማንኛውም ፍትሐዊ ክርክር በክለቡ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ከመጠየቅ ቢጀምር ይበጃል።

መልሶ ግንባታ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከፈርጉሰን የተሻለ መነሻ የለም። በ1995 ክረምት ማንቸስተር ዩናይትድ ፖል ኢንስን ለኢንተር ሚላን፣ ማርክ ሂዩዝን ለቼልሲ፣ አንድሬ ካንቼልስኪስን ለኤቨርተን አሳልፎ ሰጠ፤ በምትካቸው ስመ ጥር ተጫዋች አልገዛም። ደጋፊው ተቆጣ። የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ሽንፈት ሲጠናቀቅ፣ የቴሌቪዥን ተንታኙ አላን ሀንሰን በልጆች ዋንጫ እንደማይገኝ ተናገረ። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ ግን ዩናይትድ የሊጉንም የኤፍኤ ካፑንም ዋንጫ ወሰደ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ወጣቶችን ማመን ብቻ በቂ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል፤ እንዲህ ሲነገር ግን ግማሹ ይጎድላል። ፒተር ሽማይክል፣ ስቲቭ ብሩስ፣ ጋሪ ፓሊስተር፣ ዴኒስ ኧርዊንና ሮይ ኪን በቦታቸው ነበሩ፤ ኤሪክ ካንቶናም ረጅም ቅጣቱን ጨርሶ በኦክቶበር ተመልሷል። የቡድኑ አከርካሪ ሳይነካ፣ ኒኪ ባት በኢንስ፣ ዴቪድ ቤካም በካንቼልስኪስ ቦታ ለመግባት ዝግጁ መሆናቸውን አሰልጣኙ ከማንም በፊት አይቶ ነበር።

የዚያው አሰልጣኝ ሁለተኛ ግንባታ የበለጠ ትዕግሥት የጠየቀ ነበር። ቤካም በ2003 ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ፤ ኪን በ2005፣ ሩድ ቫን ኒስትሮይ በ2006 ተሰናበቱ። ከ2004 እስከ 2006 ባሉት ሦስት ዓመታት ሊጉን አርሰናልና ቼልሲ ወሰዱት፤ በ2005 መጨረሻም ዩናይትድ ከቻምፒየንስ ሊጉ ምድቡ የመጨረሻ ሆኖ ወጣ። የፈርጉሰን ጊዜ አልፏል የሚለው ድምፅ በዚያን ወቅት ከጥላቻ የመጣ አልነበረም፤ ሰንጠረዡን ያየ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነበር። ሆኖም ክሪስቲያኖ ሮናልዶ በ2003፣ ዌይን ሩኒ በ2004፣ ሁለቱም በ18 ዓመታቸው ደርሰው ነበር፤ ኔማኛ ቪዲችና ፓትሪስ ኤቭራም በጥር 2006 ተጨመሩ። ከ2007 እስከ 2009 ሦስት ተከታታይ የሊግ ዋንጫዎች፣ በ2008 ደግሞ የቻምፒየንስ ሊጉ ድል ተከተሉ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ሮናልዶና ሩኒ የመጡት ኪንና ቫን ኒስትሮይ ከመሸኘታቸው በፊት ነበር።

ሪያል ማድሪድ በዚያው ዘመን የሄደበት መንገድ ተቃራኒውን ያሳያል። ከ2000 ጀምሮ በየዓመቱ ሉዊስ ፊጎ፣ ዚነዲን ዚዳን፣ ብራዚላዊው ሮናልዶና ቤካም ሲገቡ ደጋፊው በደስታ ተቀበለ። በ2003 ግን ከኋላቸው ሆኖ ሜዳውን ይሸፍን የነበረው የተከላካይ አማካዩ ክሎድ ማኬሌሌ ወደ ቼልሲ ተሸጠ፤ እሱን በእውነት የሚተካ ተጫዋችም አልመጣም። ክለቡ ሊጉን እንደገና ለማሸነፍ እስከ 2007 መጠበቅ ነበረበት፤ ማኬሌሌ ግን በለንደን በ2005 እና በ2006 ሻምፒዮን ሆነ።

አርሰናል ሁለቱንም ገጽታ በአንድ አሰልጣኝ ዘመን አይቷል። ቬንገር ኒኮላ አኔልካን በ1997 በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስፈርሞ በ1999 ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለሪያል ማድሪድ ሸጠው፤ ከተገኘው ገንዘብ በግማሽ ያህሉም ቲየሪ ኦንሪን አመጣ። ስለ ጥሩ ሽያጭ ሲወሳ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ለማግኘት ይከብዳል። ክለቡ በ2006 ወደ አዲሱ ስታዲየም ከገባ በኋላ ግን ዕዳው ስለተጫነው ሽያጩ የምርጫ መሆኑ ቀርቶ የግዴታ ወደ መሆን አዘነበለ። በኦገስት 2011 ሴስክ ፋብሬጋስና ሳሚር ናስሪ በቀናት ልዩነት ተሸጡ፤ ወሩ ሳያልቅ ቡድኑ በማንቸስተር ዩናይትድ 8 ለ 2 ተረታ፤ መስኮቱ ሊዘጋ ሲልም አምስት ተጫዋቾች በጥድፊያ መጡ። በቀጣዩ ክረምት ሮቢን ቫን ፐርሲ ለዚያው ለዩናይትድ ተሽጦ 26 የሊግ ግቦችን በማስቆጠር ዋንጫውን አስገኘለት። ደጋፊው በቬንገር ላይ ለሁለት የተከፈለው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ አንዱ ወገን በዕዳ ውስጥ ሆኖ ቡድኑን በየዓመቱ ከቀዳሚዎቹ አራት ማድረሱን እንደ ታላቅ ሥራ ሲቆጥር፣ ሌላው የዋንጫ ረሃቡ እስከ 2014 የኤፍኤ ካፕ ድረስ መቆየቱን ይቅር ሊለው አልቻለም። ሁለቱም የያዙት እውነት ነበር።

በሊቨርፑል የርገን ክሎፕ ፊሊፔ ኩቲንሆን በጥር 2018 ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለባርሴሎና በመልቀቃቸው ሲተቹ፣ ቨርጂል ቫን ዳይክ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ገብቶ ነበር፤ አሊሰን ቤከርም ክረምቱን ተከተለ። የ2019 ቻምፒየንስ ሊግና ከ30 ዓመት በኋላ የተገኘው የ2020 የሊግ ዋንጫ ትችቱን ዘጉት።

ገንዘቡ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት መንገድም በክርክሩ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። በ100 ሚሊዮን የተገዛ ተጫዋች ለአምስት ዓመት ከፈረመ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፤ ለስምንት ዓመት ከፈረመ ግን 12.5 ሚሊዮን ብቻ። ቼልሲ በ2022 የባለቤትነት ለውጥ ካደረገ በኋላ በአንድ የውድድር ዘመን ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲያወጣ፣ ሚካይሎ ሙድሪክንና ኤንሶ ፈርናንዴስን በስምንት ዓመት ተኩል ውል ያስፈረመው ለዚህ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዩኤፋም ፕሪሚየር ሊጉም ዋጋው የሚከፋፈልበትን ጊዜ በአምስት ዓመት ገደቡት። ከአካዳሚ የወጣ ተጫዋች በአንጻሩ የግዢ ዋጋ ስለሌለው ሲሸጥ ገቢው በሙሉ እንደ ትርፍ ይቆጠራል። የኪሳራ ጣሪያ በሚያስከብር ሕግ ሥር ያሉ ክለቦች ደጋፊው እንደ ልጁ የሚያየውን ወጣት ለገበያ የሚያቀርቡት አሰልጣኙ ስለጠላው ሳይሆን ብዙ ጊዜ መዝገቡ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ይህ አሠራር ክለቦች ልጆቻቸውን እንዲያቆዩ ሳይሆን እንዲሸጡ የሚገፋ በመሆኑ ሊታረም የሚገባው ይመስለኛል።

ደጋፊዎች አሰልጣኞችን ሲያወዳድሩ በብዛት የሚጠቅሱት የተጣራ ወጪን፣ ማለትም ከግዢው ላይ ሽያጩ ሲቀነስ የሚቀረውን ነው። መለኪያው ጥቅም አለው፤ የሚደብቀውም አለ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ስቴፋን ሺማንስኪ እንዳሳየው፣ የረጅም ጊዜ የሊግ ደረጃ ከዝውውር ወጪ ይልቅ ከአጠቃላይ የደመወዝ መጠን ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። በነጻ ዝውውር የመጣ ባለ ከፍተኛ ደመወዝ ተጫዋች በተጣራ ወጪ ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል፤ ክለቡን ግን ከብዙ ግዢዎች በላይ ሊያስወጣው ይችላል። ለመሸጥ የሚያስቸግረውም እሱ ነው፤ የሚከፈለውን ያህል ሌላ ክለብ አይከፍለውምና።

በመልሶ ግንባታ ላይ ያሉ ክርክሮች ሁሉ ተጠቃለው የታዩት ምናልባት በሚኬል አርቴታ አርሰናል ላይ ነው። አርቴታ በ2011ዱ ጥድፊያ ከመጡት አምስት ተጫዋቾች አንዱ ነበር፤ በዲሴምበር 2019 በአሰልጣኝነት ሲመለስ የተረከበው ስብስብ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸውና ለመሸጥ የሚያስቸግሩ ተጫዋቾች የበዙበት ነበር። ሜሱት ኦዚል በጥር 2021፣ አምበል የነበረው ፒየር-ኤመሪክ ኦባሜያንግ በ2022 መጀመሪያ ወጡ፤ ክለቡ ከእነሱ ያተረፈው የዝውውር ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል፤ ያተረፈው የደመወዝ ቦታና አዲስ ሥርዓት ነው። በ2021 ክረምት የተገዙት ስድስቱም ተጫዋቾች፣ ቤን ዋይትና ማርቲን ኦዴጋርድን ጨምሮ፣ ከ23 ዓመት ያልበለጡ ነበሩ። ቡድኑ ሁለት ጊዜ ስምንተኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ አዲሱን ዘመን በሦስት ተከታታይ ሽንፈት፣ ያውም አንድም ግብ ሳያስቆጥር ሲጀምር፣ ይሰናበት የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ተሰማ። አመራሩ ግን አልተነቃነቀም፤ ከ2022/23 እስከ 2024/25 ባሉት ሦስት የውድድር ዘመናትም ክለቡ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ስብስቡ መሻሻሉን የሚክድ የለም፤ የሚጠየቀው ተከላካይና አማካይ በየክረምቱ ሲጠናከር ግብ አስቆጣሪ የመሐል አጥቂ ለምን እስከ 2025፣ ቪክቶር ዮኬሬስ እስኪመጣ ድረስ ተጠበቀ የሚለው ነው። ለዚህ አርቴታን የሚከላከሉ ደጋፊዎች መሠረቱ ሳይጸና አጥቂ መግዛት ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ያስረዳሉ፤ የሚቃወሙትም የቡካዮ ሳካና የኦዴጋርድ ምርጥ ዓመታት ለዘላለም እንደማይቆዩ ያስታውሳሉ።