ጣና ዳር ክላሲካል ለመስማት፦ ጓደኞቼ የደረደሩት ሰበብና እውነታው

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ጥቂት ወጣቶች ቫዮሊንና ቼሎ (ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) ሊጫወቱ ነው ሲባል ሰማሁ። መግቢያው ነፃ ነው። ለአራት ጓደኞቼ ደወልኩ። አራቱም መጥተዋል፤ ግን ከመምጣታቸው በፊት ያልደረደሩት ሰበብ የለም። አንዳንዱን ድሮ እኔም እለው ነበር።

«ክላሲካል የፈረንጅ ነው፤ እኛ ምን አገባን?»

ይቺ ታናድደኛለች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ አድገው ግሸን ማርያም ገቡና መነኮሱ። በኋላ ደግሞ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ጎንደር እኮ ከዚሁ ሐይቅ ማዶ ናት! ፒያኗቸውን የሰማ ሰው ትዝታውንም የቤተ ክርስቲያኑንም ዜማ እዚያው ውስጥ ያገኘዋል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የሚል የኦርኬስትራ ሥራ ጽፈዋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋም ቡልጋሪያ ተምሮ መጥቶ አምባሰልን በፒያኖ ይጫወታል።

ዜማን ጽፎ ማኖርስ ቢሆን ለማን እንግዳ ነው? ድጓ ያየ ሰው ከፊደሉ በላይ የተደረደሩትን ትንንሽ የዜማ ምልክቶች ያውቃቸዋል።

«ይሄ ሙዚቃ ለአዳራሽ የተሠራ ነው፤ ሜዳ ላይ አይሆንም»

ሁሉም አይደለም። የሙዚቃ ደራሲው ሀንድል «የውሃ ሙዚቃ» የሚባለውን ሥራውን ያቀረበው ወንዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1717 ንጉሥ ጆርጅ ቀዳማዊ ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ በጀልባ ሲጓዙ፣ 50 ያህል ሙዚቀኞች በሌላ ጀልባ ሆነው ይጫወቱላቸው ነበር። ንጉሡ ስለወደዱት አስደገሙት። ኦስትሪያ ብሬገንዝ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ሐይቅ ላይ ኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ ቲያትር) ይታያል። የመጀመሪያው ዓመት መድረክ ሁለት ጀልባ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «እኛ በታንኳ እንሞክረዋ!» አለ። ቼሎው የሚተርፍ አይመስለኝም።

«ውሃ ድምፅ ያጎላል፤ የትም ብንቀመጥ ይሰማናል»

እኛን ያሳሳተን ይሄ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ውሃው ረግቶ፣ ውሃውን የነካው አየር ከፍ ብሎ ካለው አየር ይልቅ ሲቀዘቅዝ፣ ድምፅ ወደ ታች እየታጠፈ ሩቅ ይሄዳል። ለዚህ ነው ማለዳ ላይ የታንኳ ቀዛፊ ወሬ ከሩቅ የሚሰማው። ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ነው። ጣና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይወዳል። ወደ ነፋሱ መምጫ የተቀመጠ ሰው ድምፁ በአናቱ ላይ ያልፈዋል።

እኛስ የት ተቀመጥን? ፎቶ እንዲያምርልን ብለን ውሃው ጫፍ! ነፋሱ ከሐይቁ እየመጣ ዜማውን ወደ ከተማው ይወስደዋል፤ ለእኛ የተረፈን የማዕበሉ ድምፅና የሩቅ ባጃጅ ነው። ከሁለተኛው ሥራ በኋላ ተነስተን ዞረን ከተጫዋቾቹ ፊት ለፊት፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ተቀመጥን። ሌላ ኮንሰርት የገባን መሰለን።

ማይክሮፎን ካያችሁም «አጭበረበሩ» አትበሉ። ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ብሬገንዝ ላይ ኦርኬስትራው ጭራሽ አጠገቡ ካለው አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ ድምፁ ለተመልካቹ በድምፅ ማጉያ ይደርሳል።

«አሁንም አሁንም ይቃኛሉ፤ አልተለማመዱም ማለት ነው»

ፀሐይ ላይ የቆየ ክር ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል። የትንፋሽ መሣሪያ ደግሞ ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ መቃኘት የግድ ነው። የኖታውን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ሲያስሩትም አትሳቁ፤ እኛ ስቀን ነበር፣ አንዱ ወረቀት በሮ ሐይቅ ሊገባ እስኪል ድረስ።

«በሱፍና በከረባት ነው የሚኬደው»

ሣር ላይ? ጋቢ ያዙ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ባሕር ዳር ቀን ሞቃት ናት ብሎ በቲሸርት የወጣ ሰው ማታ ይንቀጠቀጣል።

«ያለቦታው ያጨበጨበ ይዋረዳል»

አንድ ሲምፎኒ (ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ሥራ) ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል አለው። በክፍሎቹ መሀል ዝም ማለት የዛሬ ልማድ ነው፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰዉ ገና የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ እንዳጨበጨበለት በደስታ ይነግረዋል። ከዝግጅቱ በኋላም አይስክሬም ሊበላ ሄደ። ግራ ከገባችሁ ተጫዋቾቹ ቀስታቸውን አውርደው ቀና እስኪሉ ጠብቁ። ቀድማችሁ ብታጨበጭቡም የሚቆጣ የለም። ጓደኛችን ለብቻው ሲያጨበጭብ ቼሎ ተጫዋቿ ፈገግ አለችለት፤ እስከ ዛሬ ያወራታል።

«ውጭ ስለሆነ እንደልብ ማውራት ይቻላል»

አይቻልም። ቆሎም ቢሆን ጭብጨባ እስኪመጣ ይቆይ። ዝግ ባለ ዜማ መሀል ሽምብራ ሲቆረጠም ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያውቀው፣ ከፊት የተቀመጡ እናት ዞር ብለው ያዩት ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ።

«እንቅልፍ ያመጣል»

የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1791 የጻፈው 94ኛው ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍሉ በለሆሳስ ይጀምርና ሳይታሰብ ኦርኬስትራው በአንድ ላይ ይጮኻል። ያንን ለመስማት የሞከረ ሰው ይተኛ እንደሆነ እናያለን። ጣና ዳር ከሆነ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ የወባ ትንኝ ራሷ አታስተኛም። እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፣ የትንኝ ማባረሪያ ቅባትም ያዙ። ለጎረቤታችሁም አካፍሉ፤ አለበለዚያ እግሩን በጥፊ እየመታ ዜማውን ያበላሽባችኋል።